እምቢታም ትምህርት አለው፦ ቡና ላይ ስለሚመጣ የጎረቤት ሽያጭ

መግቢያ

በዚህ ትምህርት ክፍል ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እስካሁን ስለ ማሳመን ብዙ ተምረናል። ማስታወቂያ አጻጻፍ፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የንግግር ክሂል እያልን ሰውን እንዴት «እሺ» እንደምናሰኝ ስንማር ከርመናል። ሰውን ሳናስቀይም እንዴት «እምቢ» እንደምንል ግን በርዕስነት ተነስቶ አላየሁም። በኔ አስተያየት እምቢ ማለት እንደ ማሳመን ሁሉ የራሱ ዘዴ ያለው ክሂል ነው፤ በተለይ ደግሞ ሻጩ ጎረቤት ሲሆን።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይሞክራል። አንደኛ፣ ጎረቤት «የቤት ወጪሽን ይቀንስልሻል» ብሎ አንድ ነገር ሲያቀርብ እምቢ ማለት ለምን ይከብዳል? ሁለተኛ፣ ጉርብትናውን ሳንነካ ዕቃውን ብቻ እንዴት መመለስ እንችላለን?

1. የተነሳሁበት ጉዳይ

የምኖረው ሮማናት አደባባይ አካባቢ ከአክስቴ ጋር ነው። በግቢያችን አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ቡናም በየተራ ይፈላል። በቅርቡ ሁላችንም «አደይ» እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን ሁለተኛው ቡና ላይ ከጓዳ አንድ ነጭ ሣጥን ይዘው ወጡ። መጠኑ የሞባይል ቻርጀር ያህላል። ሶኬት ላይ ሲሰካ አረንጓዴ መብራት ያበራል።

«ጓለይ፣ ይኼ እኮ የመብራት ክፍያን በግማሽ ነው ሚቀንሰው። ሰክቶ መርሳት ነው» አሉኝ። ሦስት ገዢ ላመጣ ሰው ጉርሻ እንዳለው፣ ሦስቱ ደግሞ ሌሎች ሲያመጡ ለኔም እንደሚታሰብልኝ ጨመሩልኝ። ዕቃውን የተረከቡት ከአንድ ነጋዴ ነው። አሥሩን ሣጥን የገዙበት ገንዘብ የዕቁብ ዕጣቸው እንደነበረ የሰማሁት ግን ቆይቼ ነው።

ነገሩን እንደ ተራ ወሬ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የመብራት ክፍያ ለኛ ከተማ ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ መቀሌ መብራትም ባንክም አጥታ ነበር። ከብሔራዊው የኃይል ቋት ጋር እንደገና የተገናኘችው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ለወራት ያለ ደመወዝ ኖሯል። በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ቃል ጆሮ ቢያገኝ አይገርምም።

2. እምቢ ማለት ለምን ይከብዳል?

የመጀመሪያው ምክንያት ሁላችንም የምናውቀው ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ላለማሳፈር መጨነቅም ጭምር ነው። ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ያስተማረው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ነገር «ፊት» ከሚለው ቃል ጋር አያይዞ ተንትኖታል። ለኛ እንግዳ አይደለም። «ፊት ነሳኝ»፣ «በምን ፊቴ» የምንለው እኮ ይኸው ነው።

ብራውን እና ሌቪንሰን የተባሉት የቋንቋ ምሁራን ከጎፍማን ተነስተው ሰው ሁለት ዓይነት ፊት አለው ይላሉ። አንዱ በሌሎች ዘንድ የመወደድና የመከበር ፍላጎት ነው። ሌላው ያለመገደድ፣ በራስ የመወሰን ፍላጎት ነው። ጎረቤት ዕቃ ሲሸጥ ሁለቱ ይጋጫሉ። እኔ እምቢ ካልኩ የአደይ መከበር ይነካል፤ እሺ ካልኩ የኔ መብት ይነካል። ሱቅ ውስጥ ይህ ችግር የለም፤ «አልፈልግም» ብሎ መውጣት ነው። ከግቢ ግን ወዴት ይወጣል?

ሁለተኛው ምክንያት ውለታ ነው። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ማሳመን ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የሰጡትን ካልመለሰ እንደሚከብደው፣ ለሚወደው ሰውም በቀላሉ እሺ እንደሚል ያስረዳል። ከምሳሌዎቹ አንዱ ተፐርዌር የተባለው የፕላስቲክ ዕቃ ሽያጭ ነው። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብራውኒ ዋይዝ የተባለች ሴት የመራችው ይህ ሽያጭ የሚካሄደው ሱቅ ውስጥ ሳይሆን በቤት ግብዣ ላይ ነበር። ጋባዧ ጎረቤት ናት፤ እንግዶቹ ቀምሰው ጠጥተው ሳይገዙ መውጣት ያፍራሉ። እንግዲህ የኛን ቡና አስቡት። ፈንዲሻው ተበልቶ፣ አንደኛው ቡና ተጠጥቶ፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ሣጥኑ ይወጣል። ሰውየው የሚገዛው ሣጥኑን ነው ወይስ የቡናውን ውለታ እየከፈለ ነው? መለየት ያለብን ይህን ነው።

3. ቃሉን በሂሳብ መመርመር

እንግሊዝ አገር ሰዎች የመብራትና የጋዝ አቅራቢያቸውን መምረጥ ይችላሉ። እዚያ ዩቲሊቲ ዌርሃውስ የተባለው ድርጅት መብራት፣ ጋዝ፣ ስልክና ኢንተርኔት አንድ ላይ የሚሸጠው በተራ ሰዎች በኩል ነው። ስለዚህ እዚያ ጎረቤት መጥቶ «ድርጅት ቀይሪ፣ ክፍያሽ ይቀንሳል» ቢል ቢያንስ የሚወዳደር ዋጋ አለ፤ ሁለቱን ደረሰኝ አስተያይቶ መወሰን ይቻላል። እኛ ጋ ግን የቤት መብራት የሚሸጥልን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ የሚቀየር ድርጅት የለም። ስለዚህ «ክፍያ እቀንሳለሁ» የሚል ጎረቤት ሊሸጥልን የሚችለው ወይ ዕቃ ነው ወይ አባልነት ነው። ሁለቱንም እንመልከት።

መጀመሪያ ዕቃው። እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በብዙ አገር ይሸጣሉ። ውስጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር የሚባል ርካሽ ነገር ነው። ካፓሲተር ትልልቅ ሞተር ላለው ፋብሪካ ጥቅም አለው። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው ግን በትክክል ሥራ ላይ የዋለውን ኃይል፣ ማለትም ኪሎ ዋት ሰዓትን ነው። ምጣድ እንጀራ ለመጋገር የሚፈልገውን ሙቀት ሣጥን ከጎኑ ስለተሰካ አይቀንስም።

የት እንደሚቀንስ ለማወቅ የት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። 3.5 ኪሎ ዋት ብለን ሁለት ሰዓት ብንጋግር 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በአራት ሳምንት 56 ይደርሳል። ስለዚህ ምጣዱን በየጊዜው ከማሞቅ ሊጡን አጠራቅሞ በአንዴ መጋገር እውነተኛ ቁጠባ ነው። የድሮ ባለ 60 ዋት አምፖል ያለው ቤትም በ9 ዋት ኤልኢዲ ቢቀይረው፣ በቀን 5 ሰዓት ቢበራ፣ በ30 ቀን ከአንድ አምፖል ብቻ 7.65 ኪሎ ዋት ሰዓት ያተርፋል። የታሪፉ አሠራር ብዙ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ጭምር ከፍ ስለሚያደርግ፣ እንደኛ በአንድ ቆጣሪ ለሚጠቀም ግቢ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል።

ቀጥሎ አባልነቱ። አንድ ሰው ሦስት፣ ሦስቱ ዘጠኝ፣ ዘጠኙ ሃያ ሰባት እያመጡ ቢቀጥሉ በ10ኛው ዙር 59,049 አዲስ ገዢ ያስፈልጋል። በ13ኛው ዙር 1,594,323 ይሆናል። ሮማናት ቀርቶ መላው መቀሌ አይበቃም! መጨረሻ የገቡት ገንዘባቸውን የሚያወጡበት ሰው አያገኙም። በዚህ ምክንያት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ፣ ማለትም ገዢው ሌሎች ገዢዎችን ባመጣ ቁጥር ጥቅም ያገኛል እየተባለ የሚካሄድን ሽያጭ፣ ከልክሎታል።

4. እንዴት እምቢ እንበል?

እ.ኤ.አ. በ1990 ሊስሊ ቢቢ እና ባልደረቦቿ የጃፓንና የአሜሪካ ሰዎች እንዴት እምቢ እንደሚሉ ባጠኑበት ሥራ አንድ እምቢታ ብዙ ክፍሎች እንዳሉት አሳይተዋል፦ ምስጋና፣ ሐዘኔታ፣ ምክንያት፣ አማራጭ ሐሳብ ወዘተ። ይህን ይዤ በኛ ግቢ የሚሰሙትን እምቢታዎች ሳዳምጥ የሚከተለውን ታዝቤአለሁ።

ሀ. «እስቲ አስብበታለሁ» ትሕትና ይመስላል፤ ለሻጭ ግን ግማሽ እሺ ነው። በሳምንቱ ተመልሶ ይጠይቃል፤ ያኔ እምቢ ማለት እጥፍ ይከብዳል።

ለ. «ብር የለኝም» የሚለውም አያዋጣም። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ችግር የለም፣ በዱቤ ውሰጂው»። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?

ሐ. «ይኼ እኮ ማጭበርበሪያ ነው» ማለት በተለይ ሰው ፊት ከባድ ነው። ዕቃውን እየሰደብን ሰውየዋን አጭበርባሪ አልን ማለት ነው። አደይ ደግሞ አጭበርባሪ አይደሉም፤ የዕቁብ ገንዘባቸውን አምነው ያወጡ የመጀመሪያዋ ገዢ ናቸው።

መ. የሚሻለው አጭር፣ ግልጽና ሰውየዋን ከዕቃው የሚለይ መልስ ነው። እኔ ያልኩት እንዲህ ነው፦ «አደይ፣ የቐንየለይ፣ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ዕቃውን ግን አልገዛም፣ ለሌላ ሰውም አልናገርም። ቡናዎን ግን ሦስተኛውንም እጠጣለሁ።» ምስጋና አለ፤ ቁርጥ ያለ መልስ አለ፤ ዝምድናው እንደሚቀጥል የሚያሳይ ነገርም አለ። ረጅም ምክንያት አልደረደርኩም። ምክንያት በበዛ ቁጥር ሻጭ አንድ በአንድ ያፈርሰዋል።

ሠ. እውነቱን መንገር ካለብን ለብቻ ይሁን። በማግሥቱ ሌላ ሰው ሳይኖር ወደ አደይ ሄጄ «ለምን አብረን አንሞክረውም?» አልኳቸው። ቆጣሪያችን ላይ ኃይል ባለፈ ቁጥር ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች። ግቢው ውስጥ የቀረውን ሁሉ አጥፍተን የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ብቻ አበራን። ምድጃው በደንብ ከጋለ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያለ ሣጥኑ፣ ሁለት ደቂቃ ደግሞ ከሣጥኑ ጋር ብልጭታውን ቆጠርን። ቁጥሩ ያው ነበር። አደይ እንደገና ቆጠሩ። ያው ነው። ዝም ብለው ቆዩና «ሰባቱ አልተሸጡም፤ ሦስቱን የገዙት ግን የሰፈር ሰዎች ናቸው» አሉኝ። ያስጨነቃቸው የራሳቸው ብር ብቻ አልነበረም፤ እሳቸውን አምነው የገዙት ጭምር ናቸው። ሽያጩን አቆሙ። ወደ ንግድ ቢሮ አቤት ማለት እንደሚችሉም ነገርኳቸው። ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰም።

5. ለጋዜጠኛ ምን ይጠቅማል?

ይህ ጉዳይ ከሙያችን ጋር የሚገናኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ጋዜጠኛም በየቀኑ ሽያጭ ይቀርብለታል። የሚያውቀው ባለሥልጣን፣ ምሳ የጋበዘው ነጋዴ፣ አብሮ አደግ ጓደኛው «ይቺን ዜና ሥራልኝ» ይለዋል። ውለታና ይሉኝታ እዚያም አሉ። «አመሰግናለሁ፣ አልሠራውም» ማለትን ግቢው ውስጥ ያልተለማመደ ሰው ዜና ክፍል ውስጥ በድንገት አይችለውም።

ሁለተኛ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «በግማሽ ይቀንሳል» ሲባል፣ ከምን ግማሽ? ማን ለካው? በምን ለካው? የነገረህስ ሰው ራሱ ከማን ሰማ? አደይ የሰሙት ከነጋዴው ነው፤ ነጋዴውም ከሌላ። መረጃው በአራት ሰው አፍ ሲያልፍ አንድም ሰው ቆጣሪውን አላየም።

ማጠቃለያ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል። እውነት ነው። ጎረቤትን የሚያህል ሀብት የለንምና ነው ሻጮች ጎረቤትን የሚጠቀሙበት። ስለዚህ ግልጽ እምቢታ የጉርብትና ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ጉርብትናን ከገበያ የሚጠብቀው እሱ ነው። በይሉኝታ የተገዛ ሣጥን ግን ከስድስት ወር በኋላ ቂም ይሆናል።

በመጨረሻም ለትምህርት ክፍላችን መምህራንና ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በአማርኛና በትግርኛ ሰዎች እንዴት እምቢ እንደሚሉ፣ የትኛው መልስ ሻጩን እንደሚመልሰውና የትኛው ደግሞ እንደሚጠራው ሰብስበን ብናጠና ጥሩ የተግባቦት ጥናት ይወጣዋል። መረጃው ሩቅ አይደለም። እያንዳንዳችን በሳምንቱ መጨረሻ ቡና የምንጠጣበት ቤት አለን።