ምዕራፍ 7፤ በፓሪስ የሚማር ሰው ከተማዪቱን እንዴት ይመልከት፣ ፎቶግራፉንስ እንዴት ያንሣ

ለትምህርት ባሕር ተሻግሮ ፓሪስ የገባ ተማሪ፣ ምንም እንኳ ኪሱ የሳሳ ቢሆን፣ ለሦስትና ለአራት ቀን ከሚመጣው አገር ጎብኚ የሚበልጥበት አንድ ታላቅ ሀብት አለው፤ ይኸውም ጊዜ ነው። ጎብኚው ዝናብ ቢዘንብም፣ ሰማዩ ቢጠቁርም፣ ሕዝቡ ቢጋፋም የመጣበትን በዚያው ቀን አንሥቶ ከመመለስ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም፤ ተማሪው ግን ዛሬ ያልተስማማውን ብርሃን እስከሚቀጥለው ሳምንት፣ በዚያም ካልሆነ እስከሚቀጥለው ወር ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ ብዙ ቦታ ለማዳረስ ከመሮጥ ይልቅ፣ ጥቂት ቦታ መርጦ ወደዚያው ደጋግሞ እንዲመላለስ አጥብቄ እመክረዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን ብርሃን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል ተካክለው ሲኖሩ አይተን ያደግን ነንና፣ በሰኔ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ስትጠልቅ፣ በታኅሣሥ ደግሞ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ወጥታ 11 ሰዓት ሳይሞላ ስትገባ ማየት ለጊዜው ያስደንቀናል። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ በረከት ነው፤ በክረምታቸው ፀሐይ ከፍ ስለማትል ጥላው ቀኑን ሙሉ ረጅም፣ የሕንፃዎቹም ድንጋይ ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ በሰኔ ደግሞ ምሽቱ ከእኛ አገር ይልቅ እየዘገየ ስለሚጨልም፣ የሰማዩ ሰማያዊነትና የመንገዱ መብራት የሚተካከሉባትን ሰዓት በእርጋታ ለመጠቀም ይቻላል።

የኖትር ዳም ካቴድራል መቅደሱ ወደ ምሥራቅ፣ ታላላቅ በሮቹ ወደ ምዕራብ የዞሩ ስለሆነ፣ በጧት የሚመጣ ሰው የሕንፃውን ፊት በጥላ ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ በበሮቹ ዙሪያ የተቀረጹት ቅዱሳን ገጻቸው የሚበራው ከቀትር በኋላ ነው። ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ጣራውና ሹል ጉልላቱ በእሳት ተቃጥሎ፣ በታኅሣሥ 2024 ዳግመኛ ተከፍቷልና፣ ከቃጠሎው በፊት የተነሣ ተራ ፎቶግራፍ ሁሉ ዛሬ የታሪክ ምስክር ሆኗል።

ከዚያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢሄዱ፣ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ የጌታችንን የእሾህ አክሊል ያሳርፍበት ዘንድ ያሠራው፣ በ1248 የተቀደሰው ሴንት ሻፔል የተባለው ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ለእኔ ከኤፍል ግንብም ከሌላውም ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። በላይኛው ቤት ያሉት 15 ታላላቅ የመስተዋት ሥዕሎች ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምረው የመጻሕፍትን ታሪክ የሚተርኩ ሲሆኑ፣ ፀሐይ በወጣች ጊዜ ቀይና ሰማያዊ ብርሃናቸው ወለሉን ያለብሰዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ገድልንና ተአምርን በሥዕል ማንበብ የለመደ ኢትዮጵያዊ እንደ ብዙ አውሮፓዊ ጎብኚ እዚህ ቦታ እንግድነት አይሰማውም። ካሜራውን በቦርሳው አኑሮ፣ አንዱን መስኮት ከታች ወደ ላይ አንብቦ ሲጨርስ፣ ያን ጊዜ ያንሣ።

ፎቶግራፍም የተወለደው በዚሁ አገር ነው። ከፎቶግራፍ ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ዳጌር በ1838 ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕልን ሲያነሣ፣ ሥዕሉ ለመቀረጽ ብዙ ደቂቃ ይፈልግ ስለ ነበር፣ የሚሮጠው ሠረገላና የሚያልፈው ሕዝብ ሁሉ ጠፍቶ፣ ጫማውን ለማስጠረግ የቆመ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ኦዤን አትጄ፣ ቀድሞ ተዋናይ የነበረ ሰው፣ እስከ ሞተበት እስከ 1927 ድረስ ከባድ ካሜራና የመስተዋት ሰሌዳ ተሸክሞ በየማለዳው እየወጣ፣ የሱቅ ደጃፍን፣ የግቢ ደረጃን፣ የበር ማንኳኪያን ሳይቀር ሲያነሣ ኖረ፤ ሥራውንም ለሠዓሊዎችና ለቤተ መጻሕፍት እየሸጠ ይተዳደር ነበር። ዛሬ የፈረሰውን ፓሪስ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ወደ እርሱ ፎቶግራፎች ይሄዳል። ተማሪውም የሚኖርበትን ሠፈር፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን መንገድና ዳቦ የሚገዛበትን ደጃፍ ቢያነሣ፣ ያ ሥራ ማንም ጎብኚ የማይሠራው ይሆናል።

በአውሮፓ ኅብረት አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለውና 26 ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ ሉቭርን የመሰሉትን ብሔራዊ ሙዚየሞች በነጻ ስለሚያይ፣ አንድ ሥዕል ብቻ ለመመልከት ገብቶ ቢወጣ የሚከስረው ነገር የለም። በሉቭር ቋሚ ትርኢት በፍላሽ ካልሆነ በቀር ለራስ ማንሣት ይፈቀዳል። የሰውን ፊት ግን ያለ ፈቃዱ አንሥቶ ማሳተም በሕጋቸው ያስከስሳል፤ ሕጉስ ባይኖር እንኳ፣ በጸሎት ላይ ባለ ምእመን ፊት ካሜራ መደቀን ከጨዋ ልጅ አይጠበቅም።

በመጨረሻ ወደ ኬ ብራንሊ ሙዚየም መሄድ አይቀርም። በ1932 የፈረንሳዊው አጥኚ የማርሴል ግሪዮል የጉዞ ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን አንሥቶ የወሰዳቸው ሥዕሎች በዚያ ይገኛሉ፤ በቦታቸውም ቅጂ ተተክቶ ነበር። የአባቶቻችንን እጅ ሥራ በባዕድ አገር ማየት ልብን ያቆስላል፤ ቢሆንም ማየት ግዴታችን ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ እነዚህን ሥዕሎች በደንቡ መሠረት አንሡ፤ ባነሣችሁትም ላይ ሁሉ ቀኑን፣ ቦታውንና የተነሣውን ነገር ስም ጽፋችሁ፣ አንዱን ቅጂ ወደ አገር ቤት ላኩ።