ስለ መሮጫ ምድር አነዳደፍ

በአርሲ ምድር ተወልዶ ስለ ሩጫ የማይናገር ሰው አይገኝም። የደራርቱ ቱሉን፥ የኃይሌ ገብረ ሥላሴንና የቀነኒሳ በቀለን ስም ሕፃናት ሁሉ ያውቁታል። ነገር ግን ስለ ሯጩ እግርና ሳንባ ይህን ያህል ስንነጋገር፥ እግሩ ስለሚረግጠው ምድር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። መነሻው ለምን ሰፋ? ዳገቱ ለምን በመካከል ሆነ? መንገዱ ለምን በዚህ በኩል ዞረ? ይህ ጥናት ለአሠልጣኝና ለዳኛ ብቻ የተተወ ይመስላል። እኔ ግን ማናቸውም ተራ ሯጭ ሊማረው ይገባል ብዬ ስለማምን፥ ለዴራ ተማሪዎች ባጭሩ ልገልጸው አሰብሁ።

አስቀድሜ ከሌላ ጨዋታ ምሳሌ ላምጣ። ጎልፍ የሚባለው ጨዋታ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ወደ ጉድጓድ የሚያስገቡበት ነው። የጎልፍ ሜዳ እንደ ምድሩ ጠባይ ስለሚሠራ ሁለት ሜዳዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። በስኮትላንድ አገር በሴንት አንድሩስ ከተማ ያለው ጥንታዊ ሜዳ አብዛኛው የተፈጥሮ ሥራ ነው። በአንድ ዙር የሚጫወቱት ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1764 ከ22 ወደ 18 ስለ ተቀነሰ፥ ዛሬ ዓለም የሚከተለው ቁጥር ከዚያ መጣ። በኋላም አሊስተር ማኬንዚ የተባለ ሐኪም ሕክምናውን ትቶ ሜዳ ነዳፊ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዝነኛው ተጫዋች ከቦቢ ጆንስም ጋር በአሜሪካ የኦገስታን ሜዳ ነደፈ። የዚህ ሰው ትምህርት ይህ ነው፦ ጎበዙ ከመሰናክሉ በላይ አሻግሮ ለመምታት ቢደፍር ይጠቀም፤ ደካማው ደግሞ በዙሪያው የሚያልፍበት መንገድ ይተውለት። እንዲህ ከሆነ አንዱ ሜዳ ሁለቱንም ያስደስታል።

አገር አቋራጭ ሩጫም እንደዚሁ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ዙሩ ከ1500 እስከ 2000 ሜትር እንዲሆን፥ ምድሩም በተቻለ መጠን ሣር እንዲለብስ፥ አደገኛ ቁልቁለትና ጥልቅ ቦይ እንዳይኖርበት ያዛል። የቀረውን ለነዳፊው ይተወዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በዴንማርክ በኦርሁስ ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ነዳፊዎቹ ሯጮችን ሣር በለበሰ የሙዚየም ጣሪያ ላይ አስወጥተዋል። በዚያ ዳገት የከተማችንን ስም የመሰለ ስም ያላት ዴራ ዲዳ በአዋቂ ሴቶች ውድድር ሁለተኛ ወጣች። ቀነኒሳም ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አጭሩንም ረጅሙንም የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ሲያሸንፍ፥ ልዩ ልዩ በሆነ ምድር ላይ ነው።

እንግዲህ በትምህርት ቤታችን አጠገብ ዙር ብንነድፍ ልናስብበት የሚገባው ይህ ነው።

አንደኛ፥ መነሻው ሰፊና ቀጥ ያለ ይሁን። አንድ መቶ ተማሪዎች ከመነሻው ጥቂት እንደ ሮጡ አምስት ሰው ብቻ ጎን ለጎን ወደሚያሳልፍ መንገድ ቢደርሱ፥ ሃያ ረድፍ ይሆናሉ። በረድፍና በረድፍ መካከል 2 ሜትር ቢኖር፥ የኋለኛው ረድፍ ከፊተኛው 38 ሜትር ይርቃል። ይህም የእግሩ ስንፍና ሳይሆን የነዳፊው ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፥ ዳገቱ በመካከል ይሁን፤ ከእርሱም ቀጥሎ ለጥ ያለ ስፍራ ይምጣ። ዳገቱ ብርቱውን ይፈትናል፤ ሜዳው ለደካማው ትንፋሹን ይመልስለታል። የዳገቱን ልክ ለማወቅ የወጣነውን ከፍታ በሄድነው ርቀት አካፍለን በመቶ እናባዛለን፤ በ100 ሜትር 5 ሜትር ከወጣን ከመቶ 5 ነው።

ሦስተኛ፥ በቁልቁለት ግርጌ ድንገተኛ መታጠፊያ አይደረግ፤ የሚወርድ ሰው ፍጥነቱን መግታት ስለማይችል ይወድቃል።

አራተኛ፥ ከ1500 ሜትሩ ዙር ውስጥ ለጀማሪዎች 750 ሜትር ዙር ይውጣ፤ መጨረሻው ግን ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ጀማሪውም እንደ ጎበዙ በጭብጨባ ይግባ።

አምስተኛ፥ ዴራ ከአሰላና ከበቆጂ ይልቅ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለ ሆነች፥ ውድድሩ በማለዳ ይሁን፤ የግራር ጥላም እንዲጠበቅ ይደረግ።

ይህን ማወቅ ከውድድር በላይ የሆነ ጥቅም አለው። ምድሩን ማንበብ ያልተማረ ሰው ሜዳን ሁሉ ባዶ መሬት ይለዋል፤ ባዶ የተባለውንም መሬት ለሌላ ጉዳይ መውሰድ ቀላል ነው። የአገራችን ታላላቅ የአገር አቋራጭ ውድድሮች የተደረጉበት ጃንሜዳ እንኳ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ሲዛወርበት ለጊዜው የገበያ ስፍራ ሆኖ ነበር። ችግሩ አስገድዶ ነው፤ ሆኖም አማራጭ በሚፈለግበት ጊዜ ስለ ሜዳው የሚናገሩ ጥቅሙን የሚያውቁ ሰዎች መሆን አለባቸው። አሸናፊዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ተራ ሯጮች ግን ብዙ ነን።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ከሚመጣው ውድድር በፊት ዙሩን በእግራችሁ ተመላለሱበት። የት ይጠባል? የት ይወጣል? የት ያሳርፋል? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በደብተራችሁ ንደፉት፤ ከእናንተ የተሻለ ዙር የሚያወጣ ሰው ቢገኝ ትምህርት ቤታችን ይጠቀማል።