የዕቃ ቤትና የምርት መቈጣጠሪያ ፕሮግራም እንዴት ይጀመራል?

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ዕቃ ቤት ሊጽፍ ሲነሣ ብዙዎቻችሁ «ይኸስ የንግድ ሥራ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ከዚህ ግቢ ተመርቀን ስንወጣ ሁላችንም በተማርነው ትምህርት ብቻ እንደማንቀጠር የታወቀ ነው። አንዱ በፋብሪካ ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በዘመዱ ሱቅ፣ ሌላውም በራሱ በጀመረው ትንሽ ሥራ ይገባል። በገባበትም ቦታ አንድ ኮምፒዩተር አሳይተው «አንተ የተማርህ ነህ፤ ይኸን ነገር አስጀምርልን» ይሉታል። ያን ጊዜ እንዳይደናገር ጥቂት ነገር ቢያውቅ ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም።

ባለፈው ክረምት የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ በሚያሰፉት በአክስቴ ዘንድ ሰነበትኩ። ሥራቸው ትንሽ ነው፤ አምስት የስፌት መኪናዎች፣ አንድ ቆራጭና አንዲት ጠባብ ዕቃ ቤት ብቻ ናቸው። እኔም የተማርኩ ነኝና ሒሳቡን ሁሉ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ላዛውር ብዬ ተነሣሁ። ስድስት ጣቃ ጨርቅ ተገዝቶ በገባ ጊዜ አንዱ ጣቃ 50 ሜትር ነው ብዬ፣ ሳልለካ፣ 300 ሜትር ብዬ መዘገብኩ። ለካስ ሁለቱ ጣቃዎች አርባ አርባ ሜትር ኖረዋል። መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ኮምፒዩተሩ «20 ሜትር ጨርቅ አለ» እያለ ቆራጩ ባዶውን መደርደሪያ ይዞ ቀረ።

እኛ ደግሞ ለሃያ ልጆች ሱሪ ቀብድ ተቀብለናል። በቁጥር የሚከፈላቸው ሰፊዎች ሁለት ቀን ሥራ ፈትተው ተቀመጡ፤ ሁለት ቀን ለእነርሱ ቀላል ነገር አይደለም። ጨርቁ በመጨረሻ ከሌላ ሱቅ በችርቻሮ ዋጋ ሲገዛ፣ ቀለሙ ከፊተኛው ጥቂት ደመቅ ብሎ ተገኘ። እኔ በፕሮግራሙ ላይ ስማረር አክስቴ፣ «ልጄ፤ እሱ ምን ያድርግ? አንተ ያልለካኸውን እሱ ከየት አምጥቶ ይወቀው?» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የዚሁ ቃል ማብራሪያ ነው።

ፕሮግራሙ ምንድን ነው?

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ያስገባ ወይም ያወጣ ሰው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ያውቃል። በፊተኛው ዕቃ ገቢ ይሆናል፤ በኋለኛው ወጪ ይሆናል። በመደርደሪያው ላይ ደግሞ ቢን ካርድ ተሰቅሎ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ይጻፍበታል። የዕቃ ቤት ፕሮግራም ማለት በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ድምሩን ራሱ መደመሩና አንድ ጊዜ የተጻፈው በሁሉም ዘንድ መታየቱ ነው። የምርት ክፍል ሲጨመርበት ደግሞ ጨርቅና ዚፕ ወጥተው ሱሪ ሆነው መግባታቸውን አያይዞ ይመዘግባል።

ለጀማሪ የሚሆኑ ሁለት ፕሮግራሞችን ልጥቀስ። አንዱ በቤልጅግ የተሠራው ኦዱ ነው፤ የሚከፈልበትና በነጻ የሚገኝ ዐይነት አለው፤ የዕቃ ቤቱና የምርቱ ክፍል በነጻውም ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው በሕንድ አገር የተሠራው ኢአርፒኔክስት ነው፤ እርሱም የውስጥ አሠራሩ ለማንም ክፍት የሆነ ነጻ ፕሮግራም ነው። ሁለቱንም በራስ ኮምፒዩተር ላይ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት መለማመድ ይቻላል። ዕቃው ከሠላሳና ከአርባ ዐይነት ለማይበልጥ ሥራ ግን ለጊዜው የኤክሴል ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ሥርዐቱ አንድ ነውና።

አጀማመሩ በየተራው

አንደኛ፤ የዕቃዎቹን ስምና መለኪያ መወሰን ነው። አንድ ዕቃ አንድ ስም ብቻ ይኑረው። «ሰማያዊ ጨርቅ» እና «ጨርቅ ሰማያዊ» ተብሎ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ ኮምፒዩተሩ ሁለት ዕቃ አድርጎ ይይዘዋል። መለኪያውም ከዕቃው አጠቃቀም ጋር ይስማማ። ጨርቅ በጣቃ ቢገዛም የሚቈረጠው በሜትር ስለ ሆነ በሜትር ይያዝ፤ እያንዳንዱም ጣቃ ሲገባ ተለክቶ ይጻፍ። እኔን የጣለኝ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፤ የግብዓት ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ይኸውም አንድ ምርት ለመሥራት ምን ምን፣ ስንት ስንት እንደሚያስፈልግ የሚገልጥ ነው። እኛ ለአንድ የልጅ ሱሪ 1 ሜትር ጨርቅ፣ 20 ሳንቲ ሜትር የኪስ ፎደራ፣ 1 ዚፕና 1 ቁልፍ እንል ነበር። ዝርዝሩን ከመጻፍ በፊት ቆራጩንና ሰፊዎቹን መጠየቅ ይገባል፤ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የተጻፈ ዝርዝር ብክነትን ይረሳልና።

ሦስተኛ፤ የመነሻ ቈጠራ ነው። አንድ ቀን ተመርጦ ዕቃ ቤቱ ይዘጋል፤ ያለው ሁሉ ይቈጠራል፤ ቍጥሩም በዚያው ቀን ይመዘገባል። ከአሮጌው ደብተር ቍጥር መገልበጥ የደብተሩን ስሕተት ወደ አዲስ ቤት ማዛወር ነው።

አራተኛ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይመዘገብ የሚወጣም የሚገባም አይኑር። የኦዱ ሕግ ይህን ለማስተዋል ይረዳል። በዚያ ፕሮግራም ዕቃ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል እንጂ ከምንም አይፈጠርም፤ ወደ ምንምም አይጠፋም። ጨርቅ ከሻጩ ወደ ዕቃ ቤት፣ ከዕቃ ቤት ወደ ምርት ይሄዳል፤ ሱሪው ከምርት ወደ ዕቃ ቤት ተመልሶ ወደ ገዢው ይሄዳል። የተበላሸው እንኳ የራሱ ቦታ ተሰጥቶት ይመዘገባል። መብራት ሲጠፋስ? በወረቀት ተጽፎ መብራቱ ሲመጣ ይገባል። ስለዚህ ቢን ካርዱን ለመጣል አትቸኵሉ።

የስሌቱ ነገር

በዚህ ትምህርት ውስጥ ትልቁን ሐሳብ ያስፋፋው በአይ ቢ ኤም ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ኦርሊኪ ነው፤ ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈው መጽሐፍ በ1975 እ.ኤ.አ. ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስንት ሱሪ እንደሚፈለግ የሚያውቁት ገዢዎቹ ናቸው፤ እኛ ትእዛዛቸውን መጠበቅ ወይም መገመት አለብን። ስንት ዚፕ እንደሚያስፈልግ ግን መገመት አይገባም፤ ከሱሪው ብዛት ተሰልቶ ይገኛልና።

ምሳሌ እናድርግ። የ120 ሱሪ ትእዛዝ መጣ እንበል። በዕቃ ቤት 70 ሜትር ጨርቅ፣ 30 ሜትር ፎደራ፣ 150 ዚፕና 40 ቁልፍ አለ። በዝርዝሩ መሠረት 120 ሜትር ጨርቅ፣ 24 ሜትር ፎደራ፣ 120 ዚፕና 120 ቁልፍ ያስፈልጋል። ፎደራውና ዚፑ ይበቃሉ፤ የሚጐድለው 50 ሜትር ጨርቅና 80 ቁልፍ ነው። ጣቃው በእርግጥ 50 ሜትር ከሆነ አንድ ጣቃ ይበቃል ማለት ነው። ነገር ግን ቆራጩ ከመቶ አምስት እጅ ይባክናል ካለ የሚያስፈልገው ጨርቅ 126 ሜትር፣ የሚጐድለውም 56 ሜትር ይሆናል፤ አንዱ ጣቃ አይበቃም። ይህን በትእዛዙ ቀን ማወቅና በርክክቡ ዋዜማ ማወቅ እንዴት እንደሚለያይ ከላይ ያወራሁት ይመሰክራል።

በየጊዜው ለሚያልቀው ዕቃ ደግሞ የማሳሰቢያ መጠን ይሰጠዋል። በቀን 10 ዚፕ የምንጨርስ ብንሆን፣ ሻጩም ለማምጣት 6 ቀን ቢፈጅበት፣ 60 ዚፕ በመጠበቂያው ጊዜ ያልቃል። 20 መጠባበቂያ ሲጨመርበት 80 ይሆናል። ስለዚህ ዚፑ 80 ሲደርስ ፕሮግራሙ «እዘዙ» ብሎ እንዲያስታውስ ይደረጋል።

ቈጠራን አለመተው

ጀማሪ ሁሉ የሚስተው ፕሮግራሙ ከተጀመረ በኋላ ቈጠራ የቀረ እየመሰለው ነው። ቈጠራው አይቀርም፤ ይከፋፈላል እንጂ። ውድ የሆነውና ቶሎ ቶሎ የሚወጣው ዕቃ በየሳምንቱ፣ ሌላው በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይቈጠር። ቍጥሩ ከኮምፒዩተሩ ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ አስተካክሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደ ተለያየ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ ስርቆት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያልተለካ ጣቃ ወይም ሳይጻፍ የወጣ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። ሳያጣሩ ዕቃ ጠባቂውን «ሌባ» ማለት ከስርቆቱ የማይተናነስ በደል ነው። እኛም ያን ጊዜ ጣቃዎቹን መልሰን ባንለካ ኖሮ ጥርጣሬው በማን ላይ ይወድቅ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፤ ነገ «አስጀምርልን» ስትባሉ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አትክፈቱ። የዕቃ ቤቱን በር ክፈቱ፤ ሜትርና ወረቀት ያዙ፤ ቆራጩንም ጠይቁ። እኔ አሁን ወደ አክስቴ ቤት በሄድኩ ቍጥር አዲስ የገባውን ጣቃ ዘርግቼ እለካለሁ። የመጨረሻው ጣቃ 47 ሜትር ከግማሽ ነበር፤ እንደዚያው መዘገብኩት።