ዓይናችን እያየ ለምን አናይም?



እኔ የምሠራው መዘዞ ነው። እዚህ ጉም ሲወርድ ሾፌሩ ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰማዩ ጠርቶ ስልክ እያየ የሚነዳው ግን አይቀንስም። ስልኩም እኮ ጉም ነው!

ለምን መሰላችሁ? ዓይናችን ላይ ያረፈውን ሁሉ አንገነዘበውም። አእምሯችን ትኩረት የሰጠውን ይይዛል፣ ብዙውን ሌላ ነገር ያልፈዋል። ይሄ የዓይን በሽታ አይደለም፤ መነጽርም አያስተካክለውም።

በ1999 እ.ኤ.አ. ሳይመንስና ቻብሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ቪዲዮ እያሳዩ የኳስ ቅብብል አስቆጠሯቸው። በመሃል የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው ደረቱን እየደቃ አለፈ። ግማሽ ያህሉ አላዩትም! 😮

ሙያም አያድንም። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 24 የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች የሳንባ ሲቲ ስካን ላይ እባጭ ሲፈልጉ፣ እዚያው የገባውን የጎሪላ ምስል 20ዎቹ አላዩትም።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። በሰዓት 60 ኪ.ሜ. የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። አንድ ሜሴጅ ለማንበብ ያህል ማለት ነው። በዚያ መሃል ሕፃን ቢገባስ?

ምን እናድርግ?
👉 መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ስልኩን ድምፅ አጥፉና አርቁት።
👉 መደወል ግድ ከሆነ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። በኢርፎን ማውራትም ትኩረት ይሰርቃል።
👉 እግረኞች፣ አስፋልት ስታቋርጡ ስልኩ ኪስ ይግባ።
👉 ተሳፋሪዎች፣ ሾፌሩ ስልክ ካነሳ ዝም አትበሉ፤ «ወንድሜ፣ ቆመህ አናግር» በሉት።

ለምታውቁት ሾፌር ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አለሁ። ሰላም ግቡ! 🙏