ግላይደር ሲበር ምን ወረቀት ይይዛል?

ግላይደር ሞተር የለውም። በሌላ አውሮፕላን ወይም በገመድ ተጎትቶ ይነሣና ወደ ላይ በሚወጣ ሞቃት አየር እየታገዘ ይንሳፈፋል። ታዲያ ሞተር ለሌለው ነገር ሊብሬ ምን ያደርግለታል? የሚል አይጠፋም።

አገራችንም ያለችበት የ1944 (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ስምምነት፣ በአንቀጽ 29፣ ድንበር ተሻግሮ የሚበር አውሮፕላን የምዝገባውን፣ ለበረራ ብቁ መሆኑን የሚያስረዳውንና የአብራሪውን ፈቃድ ይዞ እንዲሄድ ያዛል። ሁለቱ የመኪና ሊብሬና ቦሎ እንደማለት ናቸው። በአሜሪካ ሕግማ ግላይደሩ ከሜዳው ሳይርቅ ቢበርም እነዚህ ሁለቱ ከውስጡ አይታጡም፤ የብቁነቱ ወረቀት እንዲያውም ሰው ሊያነበው በሚችልበት ቦታ መታየት አለበት። ቢሮ ቆልፎባቸው መሄድ አይሆንም፤ አየሩ ከከዳው ግላይደሩ የሚያርፈው ያገኘው እርሻ ላይ ነዋ!

እኛ ግን ቆም ብለን ያየነው የክብደቱን ጽሑፍ ነው። አብራሪው የሚቀመጠው ከክንፉ ፊት ለፊት ስለሆነ ሚዛኑን የሚጠብቀው የራሱ ክብደት ነው። ሰውዬው ከተወሰነው በታች ከቀለለ የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል። ያን ጊዜ ግላይደሩ ለመቆጣጠር ያስቸግራል፤ እየተሽከረከረ መውደቅ ከጀመረም መመለሱ ላይቻል ይችላል። ሞመንትን በማስመሪያና በጠጠር ለምናስተምር ምሳሌው እዚሁ አለ። ስለዚህ ትንሹና ትልቁ የተፈቀደው ክብደት አብራሪው ፊት ተጽፎ ይለጠፋል፤ ቀጭኑ አብራሪም እርሳስ (የምንጽፍበትን ሳይሆን ብረቱን ማለታችን ነው) ተጨምሮለት ይበራል።