ድረ ገጼ በበዓል ዋዜማ ለምን ይንቀራፈፋል?

ጥያቄ፦ በወርድፕሬስ የሠራሁት የምግብ አሠራር ድረ ገጽ አለኝ። በአዘቦት ቀን ደህና ነው፤ በበዓል ዋዜማ ሰው ሲበዛበት ግን ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይከፈትም። የተከራየሁት ሰርቨር ራም 1 ጊጋባይት ነው። ትልቅ ልከራይ?

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ የገጽ ካሽ ይሞክሩ። አሁን አንድ ሰው የዶሮ ወጥ ገጽዎን በከፈተ ቁጥር ፒኤችፒ ዳታቤዙን እየጠየቀ ገጹን እንደ አዲስ ይሠራዋል። ለእያንዳንዱ እንግዳ ሌላ ዶሮ እንደ ማረድ ነው። ካሽ ግን አንዴ የተሠራውን ገጽ በኤችቲኤምኤል ፋይል ያስቀምጥና ለቀጣዮቹ ያንኑ ያቀርባል።

ቀጥሎ የድር ሰርቨሩን ይዩ። አፓቼ በቆየው የፕሪፎርክ አሠራር ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ ይይዛል። አንዱ 40 ሜጋባይት ቢወስድ 25 ሰው ራሙን ይጨርሰዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤንጂንኤክስ ግን በጥቂት ፕሮሰሶች በሺዎች የሚቆጠሩ ግንኙነቶችን ያስተናግዳል።

አንድ ጥንቃቄ፦ በይለፍ ቃል የገቡ ሰዎች የሚያዩት ገጽ ካሽ እንዳይደረግ፤ የአንዱን መረጃ ሌላው ያየዋል። ፍጥነቱን ሲፈትሹም ከአስተዳዳሪ መለያዎ ወጥተው ይሁን፤ አለዚያ ካሹን ሳያዩት «አልሠራም» ይላሉ።