ቅደም ተከተልን ማስረዳት፤ የሞተር ዘይት አለዋወጥ

ድርሰት ተራኪ፣ ገላጭ፣ አስረጂና አመዛዛኝ ተብሎ ይከፈላል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ከአስረጂ ድርሰት አንዱን ክፍል፣ ማለትም አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳውን ነው። የተራኪ ድርሰት ቅደም ተከተል ቢዛባ አንባቢው ግር ይለዋል፤ የሥራ መመሪያ ቅደም ተከተል ቢዛባ ግን ንብረት ይጠፋል። ለምሳሌ የመረጥነው የመኪና ሞተር ዘይት መለወጥ ነው።

ሀ. ቦዝ አንቀጽ

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ሠራተኛው ቡሎኑን አጥብቆ አዲሱን ዘይት ሞላ።
2. ሠራተኛው አዲሱን ዘይት ሞልቶ ቡሎኑን አጠበቀ።

ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቦዝ የሆነው ግሥ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዘይቱ በሞተሩ ውስጥ ይገኛል፤ በሁለተኛው ግን መሬት ላይ ፈስሷል። ቦዝ አንቀጽ ብዙውን ጊዜ ማሰሪያ አንቀጹ ከሚናገረው ድርጊት በፊት የተፈጸመውን ስለሚያመለክት፣ ለመመሪያ ጸሐፊ ዋና መሣሪያው ነው።

ነገር ግን ሁልጊዜ አይታመንም። «ዘይቱን ለክቶ ጨመረ» ብንል፣ በሞተሩ ውስጥ ያለውን ከለካ በኋላ ጨመረ ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሚጨምረውን በልክ አደረገው ማለትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ከለካ በኋላ» ወይም «በልክ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይገባል። በተጨማሪም ቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተልን እንጂ ምክንያትን አይናገርም። ምክንያቱን ያላወቀ ሠራተኛ ደግሞ ሲቸኩል የሚዘለው ምክንያቱ ያልተነገረውን ሥራ ነው። ስለዚህ «ስለ»፣ «እንዲ»፣ «ምክንያቱም» የሚሉት አያያዦች ከቦዝ አንቀጹ ጎን መቆም አለባቸው።

ለ. ምንባብ

ዘይት እርስ በርሳቸው በሚፋተጉ የሞተር ብረቶች መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ይለያቸዋል፤ ሙቀት ይወስዳል፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝም አጥቦ ይዞ ይዞራል። እየሠራ ሲሄድ ግን ራሱ ይቆሽሻል፤ ከሙቀት ብዛትም የተነሣ ባሕርዩ ይለወጣል። መጥቆሩ ብቻ ማርጀቱን አያሳይም። በተለይም የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተለወጠ ብዙ ሳይቆይ ይጠቁራል፤ ጥላሸቱ በአንድ ቦታ እንዳይረጋ አንሳፎ መያዝ ሥራው ነውና። ስለዚህ የመለወጫው ጊዜ በቀለም ሳይሆን የመኪናው ፋብሪካ በመጽሐፉ በጻፈው ኪሎ ሜትርና ወር ይወሰናል። በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ፣ ወይም ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ እየጠፋ አጭር አጭር ጉዞ የሚያደርግ መኪና ከሌላው ቀድሞ ይለወጥለታል።

በመጀመሪያ መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ ጎማዎቹም ይደገፋሉ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር አይገባም፤ ክሪክ ሊንሸራተት ስለሚችል ጠንካራ መደገፊያ ይደረግለታል። ከዚያም ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይነሣና ይጠፋል። ይህም የሚደረገው ዘይቱ ለብ ብሎ እንዲቀጥንና እድፉን ይዞ እንዲወርድ ነው፤ ከጋለ ግን እጅ ያቃጥላል። ከሞተሩ ሥር ማጠራቀሚያ ዕቃ ተቀምጦ የዘይት ቋቱ ቡሎን ይፈታል። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ቡሎኑ ተጠርጎ ይታሰራል፤ ከመጠን በላይ ማጥበቅ ግን ጥርሱን ይበላዋል።

ቀጥሎ እንደ ጣሳ ያለው ፊልትሮ ይፈታል። ሲወጣም በአፉ ላይ የነበረው የጎማ ቀለበት አብሮት መውጣቱ ይታያል። አሮጌው ቀለበት ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ፊልትሮ በላዩ ቢታሰር፣ ሁለቱ ቀለበቶች ተደራርበው ስለማይገጥሙ፣ ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ በግፊት በመካከላቸው ይወጣል። ሳይታወቅም ዘይቱ ሊያልቅና ሞተሩ ግሎ፣ ብረቱ ከብረት ጋር ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ የሞተሩ ገጽ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል፤ የአዲሱ ቀለበት ገጽ ጥቂት ዘይት በጣት ይቀባል፤ ፊልትሮውም በእጅ ይታሰራል።

በመጨረሻ በመጽሐፉ ከተጻፈው መጠን ጥቂት የጎደለ አዲስ ዘይት ይሞላል። ሞተሩ ሲነሣ የዘይቱ ቀይ መብራት በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያውኑ ይጥፋ። ከጠፋ ደግሞ ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር አለመኖሩ ይታያል፤ ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ቋቱ እስኪወርድ ይጠበቅና በመለኪያው ዘንግ ይለካል። ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ሊሆን ይገባል። ማትረፍረፍም እንደ ማጉደል ይጎዳል፤ የሚሽከረከረው ብረት ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋልና፣ አረፋም ብረትን ከብረት አይለይም። የተቃጠለው ዘይት በቦይ አይደፋም፤ ክዳን ባለው ዕቃ ተጠራቅሞ ለሚረከቡት ይሰጣል።

ሐ. የቃል ምርጫ

በዘይት ጣሳ ላይ «15 ደብልዩ 40» የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህን በአማርኛ ማስረዳት የሚሻ ጸሐፊ ከሁለት ስሕተት መጠንቀቅ አለበት።

አንደኛው «ክብደት» የሚለው ቃል ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በልማድ ክብደት ይበሉት እንጂ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ውፍረት፣ ማለትም ዘይቱ ለመፍሰስ ስለሚያሳየው እምቢታ ነው። ቀጭኑም ወፍራሙም ዘይት በውኃ ላይ ይንሳፈፋል። አመዳደቡን እ.ኤ.አ. በ1911 ያወጣው የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ነው።

ሁለተኛው «ደብልዩ»ን ይመለከታል። ፊደሉ በፈረንጆቹ የበረዶ ወራት ስም የተወሰደ ነው። አንዳንዱ «ክረምት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ ግን አንባቢን ያሳስታል። የእኛ ክረምት የዝናብ ወራት ነው፤ በደጋው አገራችን ውርጭ የሚወርደው ዝናቡ ካለፈ በኋላ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ነው። «ብርድ» ቢባል ይሻላል። በብርድ ጊዜ የሚለካው የመጀመሪያው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ይበልጥ ይፈስሳል፤ 15 ደብልዩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሁለተኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ዘይቱ ይወፍራል። 40ው ራሱ ግን ዲግሪ አይደለም።

የደብረ ብርሃን ውርጭ እንኳ ለ15 ደብልዩ ፈተና ከሆነው ብርድ አይደርስም። ስለዚህ ጭኖ ከአዲስ አበባ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ለሚወርድ የጭነት መኪና ይበልጥ የሚታሰብበት ሁለተኛው ቁጥር ነው። ይህ ማለት ግን የወፈረ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። መተላለፊያቸው ጠባብ ሆኖ ለ30 ወይም ለ20 የተሠሩ አዳዲስ ሞተሮች አሉ፤ ለእነዚህ ወፍራም ዘይት ቢሞላ በማለዳ ሲነሡ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ነዳጅም ያባክናል። ያረጀ ሞተር ጭስ እንዲቀንስ 50 መሙላትም የተለመደ ነው፤ ይህ ግን ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድንም። መጽሐፉ የሚለው ይቅደም።

መ. መልመጃ

1. ምንባቡ በአብዛኛው በተደራጊ ግሥ ተጽፏል። ስለ ፊልትሮው የሚናገረውን አንቀጽ ለአንድ ጀማሪ ሠራተኛ እንደምትናገሩ አድርጋችሁ በትእዛዝ አንቀጽ ጻፉት። ምክንያቶቹን አታስቀሩ።
2. «ሞተሩን አሙቆ አጠፋ» እና «ሞተሩን ሳያሞቅ አጠፋ» በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ግለጹ፤ «ሳይ» የሚለውን ምእላድ የያዙ ሦስት ግሦችም ከምንባቡ አውጡ።
3. የሚከተለው ዓረፍተ ነገር ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ሞተሩ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ከተናገራችሁ በኋላ አስተካክላችሁ ጻፉት። «ሠራተኛው አዲሱን ፊልትሮ አሥሮ፣ አዲሱን ዘይት ሞልቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ አሮጌውን ቀለበት ፈለገ።»